ቤንዚን፣ ሃይብሪድ ወይስ ኤሌክትሪክ? ለደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ የቱ ያዋጣል?

ሰሞኑን ከጤፍ ዋጋ እኩል የምትጠይቁን ስለ መኪና ነው፦ «ቪትዜን ሸጬ ሃይብሪድ ልግዛ ወይስ ኤሌክትሪክ?» መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር አትበልጥም። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ፤ ስትመለሱ ትወጡታላችሁ። ደላላው የሚነግራችሁ የነዳጅ ፍጆታ ሐረጎን አያውቅም።

👉 ቤንዚን፦ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ጥቅሙ፣ መካኒኩም መለዋወጫውም ቅርብ ነው።

👉 ናፍጣ፦ ቱርቦ ካለው ከፍታው ብዙ አይጎዳውም። ለጭነት አሁንም እሱ ነው።

👉 ሃይብሪድ፦ ቁልቁለት ላይ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል። ባትሪው ግን ትንሽ ስለሆነ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ሊሞላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይባክናል። ዳገቱን ሲመለስ ባትሪው ቶሎ ያልቅና ሥራው የቤንዚን ሞተሩ ይሆናል። በደንብ የሚቆጥበው ቆም ሄድ በሚበዛበት ከተማ ውስጥ ነው።

👉 ኤሌክትሪክ፦ ከፍታ ሞተሩን አይነካውም፤ የቁልቁለቱንም ኃይል የሚይዝ ሰፊ ባትሪ አለው። ግን ደሴ ላይ 100 ከመቶ ሞልታችሁ አትውረዱ፤ የሞላ ባትሪ መቀበያ ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፈተናው መብራት ሲጠፋና አዲስ አበባ ስትሄዱ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የጣርማ በር ዳገት ተጨምሮበት። የት እንደምትሞሉ ሳታረጋግጡ አትነሱ።

አሁን ሒሳቡ። ለምሳሌ ቤንዚኑ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ሃይብሪዱ 5 ሊትር ይጠጣሉ እንበል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ 1,350 ሊትር ነው። ይህን በዛሬው የማደያ ዋጋ አባዙት። ሃይብሪዱ የሚበልጥበት ዋጋ ከዚያ ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ ወጪውን የሚመልሰው በሦስት ዓመት ነው፤ ያውም ባትሪው ካልደከመ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ ደግሞ ዕዳው 15 ዓመት ይፈጃል፤ ባለበት ቢቆይ ይሻለዋል።

ምክራችን፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናውን ሰው ጭናችሁ ሐረጎን ውጡበት፣ ውረዱበት።