አፉን ታሞ እግሩን ለምን?

ትናንት ማታ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ወንድሟ የአፍ ካንሰር አለበት። ሐኪሞቹ «መንጋጋውን አውጥተን ከእግሩ አጥንት እንተካለን» ስላሏቸው ቤቱ በሙሉ እግሩ ሊቆረጥ ነው ብሎ ተሸብሯል። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። እማዬ «አፉን ታሞ እግሩን ምን አድርግ ብለው ነው?» እያለች ስታለቅስ አደረች። ስለዚህ በአባቴ ሕመም ያየሁትን ልንገራችሁ።

እግር አይቆረጥም። ከጉልበት በታች ሁለት አጥንት አለን። ክብደታችንን የሚሸከመው ወፍራሙ ቲቢያ ነው፤ የሚወሰደው ከጎኑ ያለው ቀጭኑ ፊቡላ ነው። እሱም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እንዳይናጉ በሁለቱም ጫፍ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይተዉለታል። አባቴ ዛሬ ያለ ከዘራ ይሄዳል።

ቁም ነገሩ አጥንቱ ከነሕይወቱ መዛወሩ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙ ጊዜ ጨረር አለ፤ የራሱ ደም የሌለው አጥንት ያንን አይችለውም። ስለዚህ ፊቡላውን ከሚመግቡት ደም ቅዳና ደም መልስ ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜም ከላዩ ካለው ቆዳ ጋር ያነሱታል። ቀጥ ያለውን አጥንት ቆራርጠው እንደ መንጋጋ ቅርጽ ያስይዙትና በቲታኒየም ያስሩታል። ከዚያ ስፋታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነውን የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር አንገት ላይ ካሉት ጋር ይሰፏቸዋል። የአባቴ 11 ሰዓት ፈጀ። ፊቡላን ለመንጋጋ የመጠቀሙን ዘዴ ኒው ዮርክ ውስጥ ዴቪድ ሂዳልጎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች አልረሳቸውም። ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች አፉን በባትሪ ታያለች። ከእግሩ የመጣው ቆዳ ከገረጣ ደም እየገባ አይደለም፤ ከጠቆረ ደግሞ ገብቶ መውጫ አጥቷል። ሁለቱም በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያስመልሳሉ። በትንሽ መሣሪያ የደሙን ድምፅ ታሰማኝ ነበር፤ ሹ… ሹ… ሹ… እሱን ስሰማ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። አባቴ በአንገቱ በገባ ቱቦ እየተነፈሰ፣ በአፍንጫው በገባው እየተመገበ፣ የሚፈልገውን በወረቀት ይጽፍልን ነበር።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ድዱ ላይ የወጣውን ቁስል አንድ ክሊኒክ የጥርስ ነው እያለ 4 ወር አንቲባዮቲክ ሰጠው። እባካችሁ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ካለባችሁ ናሙና ተወስዶ እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ።

እህቴ፣ የማይመለስ ነገር እንዳለም ልንገርሽ። ከመንጋጋው ጋር በውስጡ የሚያልፈው ነርቭም ስለወጣ የአባቴ የታችኛው ከንፈር ይኸው እስከ ዛሬ ደንዝዟል። ፍርፍሩን ለስላሳ አድርገን እንሠራለታለን፤ በደንብ ይበላል። ወጡ አገጩ ላይ ሲወርድ ግን አይታወቀውም። ያኔ እማዬ ምንም ሳትናገር የራሷን አገጭ በጣቷ ነካ ታደርጋለች፤ እሱም አይቷት ያብሳል።