ዲስኩ ይገለበጣል፣ ፈቃዱ አይገለበጥም

ደብረ ኤልያስ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ያገለገሉ ሃያ ኮምፒውተሮች ተለገሱ እንበል። ባለሙያው አንዱን አሳምሮ ያዘጋጃል፤ ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ የግዕዝ መጻፊያ ይጭናል። ከዚያ የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ ክሎንዚላ በሚባል ፕሮግራም ወስዶ ቀሪዎቹ አሥራ ዘጠኙ ላይ ይገለብጣል። ሃያውንም አንድ በአንድ ፎርማት ከማድረግ ምንኛ ይሻላል! ኢንተርኔት ሲገናኙ ግን በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ብቅ ይላል።

ምክንያቱ ፈቃዱ የሚታሰረው ከዲስኩ ጋር ሳይሆን ከማሽኑ፣ በተለይም ከማዘርቦርዱ ጋር መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ማይክሮሶፍት የኮምፒውተሩን ክፍሎች መለያ አጠቃሎ እንደ ጣት አሻራ ይመዘግባል። በዊንዶውስ 7 ዘመን የፈቃዱ ቁልፍ በኬዙ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይታተም ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን አምራቹ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ይቀርጸዋል።

ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቺፑ የያዘው ሆም የተባለው የዊንዶውስ ዓይነት ቁልፍ ሆኖ የተገለበጠው ፕሮ የተባለው ከሆነ ቁልፉ አይሠራም። ስለዚህ ከመገልበጥ በፊት የየማሽኑን ቁልፍ ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። የድሮው የዊንዶውስ 7 ወረቀትም ቢሆን አያድንም፤ ማይክሮሶፍት በእሱ ዊንዶውስ 10ን ማስከፈት እንደማይቻል በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

ኮምፒውተሮቹ ከትልቅ መሥሪያ ቤት የመጡ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። እንዲህ ያሉ ተቋማት ብዙውን ጊዜ ኬኤምኤስ በሚባል የራሳቸው ሰርቨር ፈቃድ ያድላሉ። ፈቃዱ የሚቆየው 180 ቀን ነው፤ ማሽኑ ከሰርቨሩ ከራቀ ይቃጠላል። ትምህርት ቤቱ የራሱን ኬኤምኤስ ልትከል ቢልም ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ይጠየቃል፤ ሃያው አይበቃም። ሲስፕሬፕ (የማሽኑን መለያ የሚያጸዳ የዊንዶውስ መሣሪያ) ሳይደረግ የተገለበጠ ዲስክ ደግሞ ሁሉንም አንድ መለያ ስለሚሰጣቸው፣ ሠላሳ ቢሆኑም ሰርቨሩ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱን የሚያልፍ ሕገወጥ ፕሮግራም ይፈልጋል። የኢትዮጵያ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሶፍትዌርንም ይጠብቃል። ሕጉ ባያሳስብ እንኳ፣ ክራኩ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ሲል ነገሩ ሊሸት ይገባል። በአንድ ፍላሽ የገባ ቫይረስ ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል።

ከክራክ የሚሻል መንገድ አለ፤ ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ ቁልፍም አክቲቬሽንም አይጠይቅም። በዊንዶውስ መቆየቱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ላላቸው ማሽኖች ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ከተለገሱት አሮጌዎች ይህን የሚያሟላ እምብዛም አይገኝም።