ከጣርማ በር ጉም እስከ ቤይሩት ባሕር፦ ሶናር የሚያየውና የሚሰወርበት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ብዙ ጊዜ ጉም ይቀበለዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ በር፣ ጣሊያኖች ወደ ፈለፈሉት ዋሻ የሚቃረበው ሾፌር ረጅሙን መብራት ቢያበራ ነጭ ግድግዳ እንጂ መንገድ አይታየውም። ስለዚህ መብራቱን ዝቅ ያደርግና ክላክሱን ይነፋል። ከማዶ የሚመጣው መኪናም በክላክስ ይመልስለታል። ውድ አንባብያን፣ ለመሆኑ ብርሃን የተሸነፈበትን ጉም ድምፅ እንዴት ሊያልፈው ቻለ?

መልሱ ያለው በሞገድ ርዝመት ላይ ነው። የጉም ጠብታ ስፋት በአብዛኛው ከሚሊሜትር 100ኛ እጅ ገደማ ነው። የብርሃን ሞገድ ከዚህም እጅግ ያነሰ በመሆኑ በእያንዳንዱ ጠብታ እየተበተነ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል። የክላክስ ድምፅ ሞገድ ግን በአሥር ሴንቲሜትሮች የሚለካ ስለሆነ ጠብታዋን እንደሌለች ቆጥሮ ያልፋል። ይህችን ሕግ እንያዛት፤ ወደ ባሕር ስንወርድ መልሳ ታገኘናለች።

የገደል ማሚቶ ስሌት

ጉሙ ሲገፈፍ በጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሞ ለሚጮኽ ሰው የገደል ማሚቶ ይመልስለታል። አየሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማሚቶው ከ2 ሰከንድ በኋላ ቢመለስ ገደሉ በ337 ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል ማለት ነው፤ ድምፁ ደርሶ መልስ ተጉዟልና። ሶናር የሚባለው መሣሪያም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውን ይጠብቃል፣ ጊዜውን ወደ ርቀት ይለውጣል። በውኃ ውስጥ ግን ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ብርሃን በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሜትር እንኳ ስለማይዘልቅ፣ ከውኃ በታች ፍለጋ የሚወጣ ሁሉ የሚተማመነው በድምፅ ነው።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም.

በዚህ ቀን ሌሊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 409፣ ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን፣ ከቤይሩት ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ በጀመረ በ5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወደቀ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 90 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። አብዛኞቹ ሊባኖሳውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሁለቱም አገሮች ቤተሰቦች የሚቀብሩትን አስከሬን እየጠበቁ ለቅሶ ተቀመጡ።

በፍለጋው ከሊባኖስ ባሕር ኃይል ጋር የአሜሪካው ራሜጅ የጦር መርከብና ኦሽን አለርት የተባለው የፍለጋ መርከብ ተሰማርተዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመረጃ መቅረጫዎቹ ምልክት ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይ እንደተሰማ ሲነገር ነበር። ይሁን እንጂ ጥር 30 ቀን ጠላቂዎች የበረራ መረጃ መቅረጫውን ያወጡት ከ45 ሜትር ጥልቀት ነው። የድምፅ መቅረጫው ከ3 ቀን በኋላ ወጣ፤ የማስታወሻ ክፍሉ ግን ተለይቶ ስለነበር እርሱን ለማግኘት ተጨማሪ ቀናት አስፈልገዋል።

በሺህ ሜትርና በ45 ሜትር መካከል ያለው ልዩነት አይግረመን። ከሊባኖስ ጠረፍ ፊት ለፊት ያለው የባሕር ወለል ከጥቂት ኪሎሜትር በኋላ እንደ ጣርማ በር ገደል ወደ ታች ይወረወራል። እንዲህ ባለ ስፍራ የአቅጣጫ ግምት በጥቂቱ ሲዛነፍ ጥልቀቱ በእጅጉ ይለወጣል። በመቅረጫው ላይ የተገጠመው ምልክት ሰጪም በ37.5 ኪሎኸርትዝ ድግግሞሽ የሚጮኸው በዚያ ዘመን ደንብ ለ30 ቀናት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ በረራ 447 ምልክት ሳይሰማ ቀርቶ፣ ስብርባሪው በ3,900 ሜትር ጥልቀት የተገኘው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ወደ 90 ቀናት ከፍ ብሏል።

አራት እንቅፋቶች

አንደኛው እንቅፋት ያች የያዝናት ሕግ ናት። ትንሽ ነገር ለማየት አጭር ሞገድ ያስፈልጋል። በውኃ ውስጥ የ500 ኪሎኸርትዝ ሞገድ ርዝመት 3 ሚሊሜትር ስለሆነ ግልጽ ምስል ይሰጣል። ነገር ግን የባሕር ውኃ ከፍተኛ ድግግሞሽን ፈጥኖ ስለሚውጥ ከ100 ሜትር ብዙም አይርቅም። ድግግሞሹን ወደ 100 ኪሎኸርትዝ ብናወርደው ጥቂት መቶ ሜትሮች ይደርሳል፤ ምስሉ ግን ይደበዝዛል። ርቀትንና ጥራትን ባንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም።

ሁለተኛው የሰው አካል ራሱ ነው። ሥጋችን በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ ድምፅ ከውኃ ወደ ሥጋ ሲሻገር ከጉልበቱ 1 በመቶ እንኳ አይመለስም። በደንብ የሚያንጸባርቀው በሳንባ ውስጥ ያለው አየር ነው። ሳንባ በውኃ ሲሞላ ግን ማሚቶው ይዳከማል። ስለዚህ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት አካሉን ሳይሆን ወለሉ ላይ የሚጥለውን የድምፅ ጥላ ነው። ወለሉ ድንጋያማ ከሆነ ግን ጥላው በድንጋዮቹ ጥላ መካከል ይጠፋል።

ሦስተኛው የሙቀት ልዩነት ነው። ውኃ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ በሆነ ውኃ ውስጥ ድምፅ ወደ ቀዝቃዛው እየታጠፈ ይሄዳል፤ ጨርሶ የማይደርስበትም ስፍራ ይፈጠራል።

አራተኛው የጥልቀት ማነስ ነው። ከ15 ሜትር ብዙም የማይጠልቀውን ጣና ሐይቅን እንውሰድ። ድምፁ በውኃው ገጽና በወለሉ መካከል እየነጠረ ብዙ የሐሰት ማሚቶ ያመጣል። በዳርቻው ያለው ደንገልም ግንዱ አየር የቋጠረ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ያው አየር ድምፁን መልሶ ከበስተጀርባው ያለውን ይሸፍናል።

"አልታየም" ማለት "የለም" ማለት አይደለም

አንድ ሶናር በአንድ ዙር ፍለጋ የማግኘት ዕድሉ 70 በመቶ ነው እንበል። የመሳት ዕድሉ 30 በመቶ ነው። ሁለት ጊዜ ሲፈለግ የመሳት ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል ብሎ ማስላት ቀላል ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሁለቱ ዙሮች የማይደጋገፉ ከሆኑ ብቻ ነው። ነገሩ ከቋጥኝ ጀርባ ቢሆንና ጀልባው በያው አቅጣጫ ቢመለስ ሁለተኛውም ዙር ያንኑ ይስታል። ስለዚህ አቅጣጫን መቀየር ጉልበት ከመጨመር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጠፋውን የማሌዥያ በረራ 370 ለማግኘት 120,000 ስኩዌር ኪሎሜትር የባሕር ወለል በሶናር ታስሶ፣ በ2017 ያ ፍለጋ ያለ ውጤት ቆሟል።

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። የሰጠመ ሰው አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሶናር የተጫነባት ጀልባ ተጠርታ እስክትደርስ ይህ ጊዜ አልፎ ይሆናል። ስለዚህ ሶናር አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ሕይወት ማዳን ሳይሆን አስከሬንን ለቤተሰብ መመለስ ነው። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። በታንኳ ለሚሻገር ተማሪ ግን ከየትኛውም ሶናር የሚበልጠው አስቀድሞ የሚለበስ የነፍስ አድን ሰደርያ ነው።

የጣርማ በር ሾፌር ክላክሱን ነፍቶ መልስ ባይሰማ መንገዱ ባዶ ነው ብሎ ነዳጅ አይረግጥም። ምናልባት ማዶ ያለው አልሰማ ይሆናል፤ ወይም ድምፁ በገደሉ ተጋርዶ ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነቱን ቀንሶ ጠርዙን ይዞ ይሄዳል። በሶናር የሚፈልግ ሰውም ባዶ የሆነ ምስል ሲያይ ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው።