የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወደ መስጊድ ሲለወጥ፤ የአቅጣጫና የሕግ ጥያቄ

አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መስጊድ ሲሆን መስቀሉ ይወርዳል፤ ደወሉ ይነሣል፤ ሥዕሉና ሐውልቱ ይወጣል። ይህን ማንም ይገምተዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ግን ከዚህ ጠለቅ ያሉ ሁለት ነገሮችን፣ ይኸውም የአቅጣጫንና የሕግን ጉዳይ ነው።

የቆየው የክርስቲያን ልማድ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ መጸለይ ነው፤ ሙስሊሙ ግን የሚሰግደው ወደ መካ ነው። «ዐረብ አገር» ሲባል ብዙ ሰው እጁን የሚዘረጋው ወደ ምሥራቅ ነው። ነገር ግን ከአሰበ ተፈሪ፣ ከዛሬዪቱ ጭሮ ተነሥቶ ካርታ የሚመለከት ሰው መካን የሚያገኛት በስተሰሜን፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነው። ስለዚህ በጨርጨር ከተሞች የቄሱና የኢማሙ ፊት በሩብ ዙር ያህል ይለያያል።

በሐረርጌ ያስተማሩት የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት ከአገራቸው የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን ርዝመቱ ከወርዱ የሚበልጥ፣ መንበሩ በአንደኛው ጫፍ የቆመ አዳራሽ ነው። በመስጊድ ደግሞ የመጀመሪያው ረድፍ የላቀ ዋጋ ስላለው፣ ወደ ጎን ሰፊ የሆነ ቤት ይመረጣል። እንግዲህ መንበሩ በምሥራቅ ጫፍ ያለ አዳራሽ በአሰበ ተፈሪ ቢለወጥ፣ ረጅሙ የሰሜን ግድግዳ የቂብላ ግድግዳ ይሆናል፤ ሚሕራቡም በመካከሉ ይቆማል። ሕንጻው ሳይፈርስ ሰው ብቻ ይዞራል ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በቆጵሮስ ደሴት በኒቆስያ ከተማ የነበረው የላቲኖች የቅድስት ሶፍያ ካቴድራል፣ ኦቶማኖች ከተማዋን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1570 በያዙ ጊዜ መስጊድ ሆነ። ዐምዶቹ ዛሬም ዓይንን ወደ ምሥራቅ ይመራሉ፤ ሰጋጆቹ ግን ወደ ደቡብ ገደማ ዞረው ይሰለፋሉ።

የሕጉ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በካቶሊክ ሕግ ጳጳሱ በቂ ምክንያት ሲያገኝ አንድን ቤተ ክርስቲያን ከአምልኮ አገልግሎት አውጥቶ ነውር ለሌለበት ለሌላ ሥራ ሊያውለው ይችላል። በአሜሪካ በሰራክዩዝ ከተማ የነበረው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ2010 ተዘግቶ ከተሸጠ በኋላ መስጊድ ሆኗል፤ የተሰጠውም ስም «የመርየም ልጅ የዒሳ መስጊድ» የሚል ነው። ስሙን የመረጡት ሰዎች አስተዋዮች ይመስሉናል። የሊብያው የትሪፖሊ ካቴድራል ግን በ1970 መስጊድ የሆነው ኢጣልያኖች ከአገሩ በተባረሩበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ሻጭና ገዢ አልነበረም።

በሐረርጌ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጨለንቆ፣ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አደረገ። ከዚያም በሐረር ከተማ በፈረስ መጋላ፣ መስጊድ በነበረበት ሥፍራ ስምንት ማዕዘን ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ቤትን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ታቦቱ ነው፤ ታቦት የገባበት ቤት እንደማንኛውም ቤት አይታይም። የሐረር ሙስሊሞች በሚከተሉት በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ አንድ ጊዜ መስጊድ እንዲሆን ወቅፍ የተደረገ ምድር፣ ግድግዳው ቢፈርስ እንኳ መስጊድነቱ አይነሣም፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም።

አንዳንድ ሰዎች የፈረስ መጋላን ነገር የቆየ ቂም ብቻ አድርገው ይናገሩታል። እኛ እንደምናየው ግን ቂም ቢበርድ እንኳ ጥያቄው አይበርድም፤ ሁለት ሕጎች፣ እያንዳንዱ በራሱ ሙሉ የሆነ፣ በአንድ መሬት ላይ ተደራርበዋልና። የሰራክዩዙ ጳጳስ ቤቱን ከአምልኮ የሚያወጣበት በር በሕጉ ነበረው፤ የሻፊዒ ሊቅ ግን እንዲህ ያለ በር የለውም።