በፕሌይስቴሽን 2 ጀርባ የተተወው ባዶ ክፍል

ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በማርች 2000 በጃፓን ለገበያ ከቀረበ በኋላ በመላው ዓለም ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ቢሆንም፣ ከገዙት ሰዎች አብዛኞቹ በጀርባው በኩል የተገጠመውን የፕላስቲክ ክዳን አንድም ጊዜ ሳያነሱት መሣሪያው ዘመኑን ጨርሷል። ከክዳኑ ኋላ ያለው ሰፊ ባዶ ክፍል ግን ያለ ምክንያት የተተወ አልነበረም፤ ሙሉ መጠን ያለው የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ፣ ማለትም በሚሽከረከሩ ማግኔታዊ ሰሌዳዎች ላይ ብዙ መረጃ የሚያስቀምጠው ዕቃ፣ እንዲገባበት ታስቦ የተሠራ ነው።

አምራቹ ሶኒ ስለዚህ ክፍል ቁርጥ ያለ አቋም ይዞ አያውቅም ማለት ይቻላል። በጃፓን መጀመሪያ የወጡት ሞዴሎች ክፍሉ ስላልነበራቸው ሃርድ ዲስኩ ለብቻው በተሠራ ሣጥን ከውጭ እንዲገናኝ ተደረገ፤ ቀጥለው የመጡት ወፍራም ሞዴሎች በውስጣቸው ቦታ አገኙ፤ በአሜሪካ ደግሞ ባለ 40 ጊጋባይቱ ዲስክ ለሽያጭ የቀረበው መሣሪያው እዚያ ከገባ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በማርች 2004፣ ፋይናል ፋንታሲ 11 ከተሰኘው የኢንተርኔት ጨዋታ ጋር ተጣምሮ በ99 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው ቀጭኑን ሞዴል ሲያወጣ ክፍሉን ጨርሶ አስቀረው። የጌም አዘጋጆች ጥቂት ሰው ብቻ ለያዘው ተጨማሪ ዕቃ ብለው መድከም አልፈለጉም፤ ተጫዋቹም በዲስኩ የሚጠቀሙ ጌሞች ጥቂት መሆናቸውን እያየ ገንዘቡን ሊያወጣበት አልወደደም። ማይክሮሶፍት በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ባለ 8 ጊጋባይት ዲስክ በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ከፋብሪካው አስገብቶ በመሸጡ እንዲህ ያለ ችግር አልገጠመውም።

ይህ የተተወ ክፍል ዛሬ ተፈላጊ የሆነው መሣሪያው በማርጀቱ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ጌሙን ከሲዲ ወይም ከዲቪዲ የሚያነበው በሌዘር ብርሃን ሲሆን፣ ብርሃኑን በዲስኩ ገጽ ላይ የሚያነጣጥረው ሌንስ በትንሽ ሞተር እየተገፋ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ፣ አቧራ ሲይዘውና ሌዘሩ ሲደክም መጀመሪያ አንዳንድ ጌሞችን፣ ቀጥሎም ሁሉንም ማንበብ ያቅተዋል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች በየጨዋታው እየተከፈለ እግር ኳስ ይጫወትባቸው የነበሩ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ይህ ዓይነቱ ድካም ለደንበኞቻቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ጌሞቹ በሃርድ ዲስክ ላይ ከተጫኑ ግን ሌንሱ ሥራ ስለማይኖረው፣ ሌሎች ክፍሎቹ ደህና የሆኑለት መሣሪያ እንደገና ያገለግላል።

ዲስኩን መግጠም ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ኔትወርክ አዳፕተር የሚባለው ዕቃ በአንድ በኩል የኢንተርኔት ገመድ መሰኪያ፣ በሌላው በኩል ደግሞ 40 ቀዳዳ ያለው የመረጃ ማያያዣና አራት ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ማያያዣ ስላለው፣ ሃርድ ዲስኩ በቀጥታ ይሰካበትና ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ክፍሉ ተንሸራተው ይገባሉ፤ የሚያጠብቁት ሁለት ትልልቅ ብሎኖችም ካቻቪቴ ባይኖር በሳንቲም ሊዞሩ ይችላሉ። እነዚህ ማያያዣዎች የተሠሩት አይዲኢ ለተባለው የቀድሞ ዓይነት ዲስክ ነው፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ሳታ የሚባለው፣ ጠባብ ማያያዣ ያለው ዲስክ አይሰካበትም። የተሻለው መንገድ በአዳፕተሩ ውስጥ ያለውን ማያያዣ በሳታ መቀየሪያ ሰሌዳ መተካት ነው፤ አሮጌ አይዲኢ ዲስክ ፈልጎ መግዛት ያረጀን ሌንስ ባረጀ ዲስክ እንደመተካት ስለሚሆን ብዙም አይመከርም።

የሚያስቸግረው ሶፍትዌሩ ነው። መሣሪያው በፋብሪካ የተሰጠው ትእዛዝ ጌምን ከሲዲና ከዲቪዲ ብቻ እንዲያስነሳ ስለሆነ፣ የተሰካውን ዲስክ ከምንም አይቆጥረውም፤ የሶኒ ሶፍትዌርም የሚቀበለው የራሱን መለያ የያዘውን ዲስክ ብቻ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ይህን እንቅፋት ያለፉት ፍሪ ማክቡት በተባለ ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህ ፕሮግራም የጨዋታ ሂደት በሚቀመጥበት ባለ 8 ሜጋባይት ሚሞሪ ካርድ ላይ ተጽፎ መሣሪያው ሲበራ ቀድሞ ይነሳል፣ ከዚያም ኦፕን ፒኤስ2 ሎደር የተባለውን ሁለተኛ ፕሮግራም ይጠራል። የሁለተኛው ሥራ ማታለል ነው፤ ጌሙ «ከዲቪዲው ይህን ያህል አንብብልኝ» ብሎ በጠየቀ ቁጥር ጥያቄውን መንገድ ላይ ይቀበልና መልሱን ከሃርድ ዲስኩ አምጥቶ ይሰጠዋል፤ ጌሙም ልዩነቱን አያውቅም።

ይህ ማታለል የሚፈጸምበት ቦታ የመሣሪያው ንድፍ ካሉት አስገራሚ ነገሮች አንዱ ነው። ሶኒ አዲሱ መሣሪያ የቀድሞውን የፕሌይስቴሽን ጌሞች እንዲያጫውት ስለፈለገ የ1994ቱን መሣሪያ ዋና አንጎለ ኮምፒውተር በውስጡ አስገባ፤ የአዲሱ መሣሪያ ጌም ሲጫወት ደግሞ ያው አሮጌ አንጎል ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ የዲስክ፣ የጆይስቲክና የሚሞሪ ካርድ መልእክተኛ ሆኖ እንዲያገለግል ተደረገ። ይህ መልእክተኛ ያለው የማስታወሻ ቦታ 2 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ፣ ከዲቪዲ ይልቅ ከሃርድ ዲስክ የሚያነበው ትርፍ ፕሮግራም የሚቀመጠው ጌሙ ራሱ በሚጠቀምበት ጠባብ ቤት ውስጥ ተጣቦ ነው። አንዳንድ ጌሞች ከሃርድ ዲስክ ሲጫወቱ ድንገት የሚቆሙትም ከብዙ ምክንያቶች መካከል በዚህ የቦታ ጥበት የተነሳ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ለየጌሙ የሚመረጡ ልዩ ልዩ የአሠራር ስልቶችን ይዟል።

የዲስኩ መጠንም የራሱ ሒሳብ አለው። የጥንቱ አሠራር እያንዳንዷን 512 ባይት የምትይዝ የዲስክ ቁራጭ በ28 የዜሮና የአንድ አሃዞች ቁጥር ይጠራት ስለነበር፣ ከ137 ጊጋባይት በላይ ያለውን ቦታ የሚጠራበት ቁጥር አልነበረውም፤ በኋላ የተጻፉት ፕሮግራሞች ቁጥሩን በማርዘማቸው እስከ 2 ቴራባይት መድረስ ተችሏል። አንድ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ቢበዛ 4.7 ጊጋባይት እንደሚይዝ ሲታሰብ፣ የሶኒው ባለ 40 ጊጋባይት ዲስክ ሙሉ ዲቪዲ የሚያክሉ ጌሞችን ከስምንት በላይ አይችልም ነበር። ጌሞቹ የሚጻፉት ዲስኩን ከኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ነው፤ ይሁንና ፕሌይስቴሽን 2 ዲስኩን የሚከፋፍልበት አሠራር የራሱ ብቻ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ የማያውቀው ባዶ ዲስክ መስሎት ላዘጋጀው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ያለ ሰው የጫነውን ሁሉ ያጣል።

ፍጥነትን በተመለከተ የሚነገረው ሁሉ በልኩ መወሰድ ይኖርበታል። ጌሞች ቶሎ መነሳታቸው እውነት ነው፤ ሆኖም መረጃው የሚያልፈው በዚያው አሮጌ መልእክተኛ በኩል በመሆኑ፣ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ውድ ኤስኤስዲ መግጠም ድምፅንና ሙቀትን ከመቀነስ ያለፈ ለውጥ የሚያመጣው እምብዛም ነው። በሕግ በኩልም የራስን ዲቪዲ መቅዳትና የሌላውን ቅጂ ከኢንተርኔት ማውረድ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው እንኳ በየአገሩ በተለያየ ዓይን ይታያል።

በአሜሪካ የተሸጠው የሶኒ ዲስክ ከፋብሪካው ሲወጣ ፋይናል ፋንታሲ 11 ተጭኖበት ነበር። ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ሲሆን፣ ለፕሌይስቴሽን 2 ይሰጥ የነበረው አገልግሎትም በማርች 31 ቀን 2016 ተቋርጧል፤ ስለዚህ ያን ዲስክ ዛሬ አግኝቶ የሚገጥም ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ዲስኩ የተሸጠበትን ጨዋታ መደምሰስ ነው።