በጋራ የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ያለ ሥራ ክፍት ሆነው የሚቆዩ መግቢያዎች፦ የሚያስከትሉት ጉዳትና ሊኖር የሚገባው የአያያዝ ሥርዓት

አንድን የሒሳብ ሶፍትዌር በኔትወርክ አማካይነት በጋራ የሚጠቀሙ የንግድ ድርጅቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የግል ትምህርት ቤቶችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በርካታ ናቸው። ካሸሩ የዕለቱን ገቢ ይመዘግባል፤ የግዥ ሠራተኛዋ የአቅራቢዎችን ደረሰኝ ታስገባለች፤ ሌላው ፔሮል ያዘጋጃል፤ የፋይናንስ ኃላፊው ሪፖርት ያወጣሉ። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ የመረጃ ቋት ላይ በመሆኑ በየጠረጴዛው ለየብቻ ይያዝ የነበረው መዝገብ አንድ ሆኗል፤ የሥራ ድግግሞሽም ቀርቷል።

ይሁን እንጂ አሠራሩ አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ተጠቃሚ ሥራውን አቁሞ ከሶፍትዌሩ ሳይወጣ ሲቀር፣ ጉዳቱ በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። የግብር ማሳወቂያ የመጨረሻ ቀናት ሲደርሱ «የተጠቃሚዎች ቁጥር ሞልቷል» የሚል መልእክት የሚገጥማቸው፣ ወይም የሚያርሙት ሰነድ በሌላ ሰው ተይዞ የሚያገኙት ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሶፍትዌሩ ይመስላቸዋል። ይህ ጽሑፍ የችግሩን ምንጭ፣ የሚያስከትለውን ጉዳትና ድርጅቶች በራሳቸው አቅም ሊዘረጉት የሚችሉትን ሥርዓት ያብራራል።

ሴሽን ምንድን ነው?

አንድ ተጠቃሚ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ወደ ሶፍትዌሩ ከገባበት ቅጽበት አንሥቶ በአግባቡ እስኪወጣ ድረስ ያለው ቆይታ በሙያው አጠራር «ሴሽን» ይባላል። ሴሽን ክፍት ሳለ ሰርቨሩ ተጠቃሚውን ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል። ተጠቃሚው ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር ሳይመዘግብና ሳይፈልግ ሲቆይ ሴሽኑ ያለ ሥራ ክፍት ሆኗል ማለት ነው።

ለዚህ ምክንያት የሚሆነው የሠራተኛ መዘንጋት ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሁኔታዎችም በተደጋጋሚ ያጋጥማሉ።

1. ማያን መቆለፍ፦ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ የኮምፒዩተሩን ማያ ይቆልፋል። ይህ ሌላ ሰው እንዳይገባ የሚከላከል መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም የሒሳብ ሶፍትዌሩን አይዘጋም።

2. የሪሞት ዴስክቶፕ መስኮትን መዝጋት፦ ከቅርንጫፍ ወይም ከቤት ሆኖ ወደ ዋናው ሰርቨር የሚገባ ሠራተኛ የመስኮቱን የመዝጊያ ምልክት ሲጫን የሚቋረጠው ግንኙነቱ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ የጊዜ ገደብ ካልተደነገገ በቀር የከፈተው ፕሮግራም ሥራውን ይቀጥላል።

3. የኤሌክትሪክና የኔትወርክ መቋረጥ፦ የተጠቃሚው ኮምፒዩተር በድንገት ሲጠፋ ለሰርቨሩ «ወጥቻለሁ» የሚል መልእክት አይደርሰውም። ዊንዶውስም ሆነ ሊነክስ ምላሽ ያጣን ግንኙነት መኖር አለመኖሩን መጠየቅ የሚጀምሩት፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ስለሆነም መብራት ተመልሶ ሠራተኛው እንደገና ሲገባ የቀድሞ ሴሽኑ ገና ሳይዘጋ ሊጠብቀው ይችላል።

4. የኢንተርኔት ማሰሻን መዝጋት፦ በኢንተርኔት በሚሠሩ ሶፍትዌሮች ላይ ገጹን መዝጋት በአግባቡ ከመውጣት ጋር እኩል አይደለም፤ ሴሽኑ የተሰጠው ጊዜ እስኪያልቅ ሊቆይ ይችላል።

የሚያስከትለው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት የተጠቃሚ ቦታን መያዝ ነው። በርካታ የሒሳብ ሶፍትዌሮች ፈቃድ የሚሰጡት በአንድ ጊዜ ሊገቡ በሚችሉ ሰዎች ቁጥር ልክ ነው። ለምሳሌ የአምስት ተጠቃሚ ፈቃድ ያለው ድርጅት ሰባት የሒሳብ ሠራተኞች ቢኖሩትና ሁለቱ ሶፍትዌሩን ከፍተው ወደ ባንክ ቢሄዱ፣ በቢሮ ካሉት አምስት ሠራተኞች መሥራት የሚችሉት ሦስቱ ብቻ ይሆናሉ። ድርጅቱ ተጨማሪ ፈቃድ ለመግዛት ከመወሰኑ በፊት ያሉትን ቦታዎች በእርግጥ እየሠሩ ያሉ ሰዎች እንደያዟቸው ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳት የመዝገብ መቆለፍ ነው። አንድ ሰው አንድን ደረሰኝ ወይም የደንበኛ ሒሳብ ለማስተካከል ሲከፍት ሶፍትዌሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዳይለውጡት መዝገቡን ሊቆልፈው ይችላል። ባለቤቱ ሳይጨርስ ከሄደ መዝገቡ ተቆልፎ ይቆያል። ከዚህም በላይ አንዳንድ ሥራዎች ሌሎች ተጠቃሚዎች በሙሉ እስኪወጡ ድረስ ሊከናወኑ አይችሉም። በኢትዮጵያ አሁንም በቀድሞ ስሙ «ፒችትሪ» ተብሎ የሚታወቀው ሴጅ 50 የመጠባበቂያ ቅጂ ለመውሰድ ሌሎች ተጠቃሚዎች እንዲወጡ ይጠይቃል። በዴስክቶፕ የሚሠራው ኩዊክቡክስም ወደ አንድ ተጠቃሚ አሠራር የሚሸጋገረው ሌሎቹ ሲወጡ ነው። በመሆኑም አንድ የተረሳ ሴሽን የመላውን ድርጅት የመረጃ ጥበቃ ሊያስተጓጉል ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው ጉዳት ከተጠያቂነት ጋር የተያያዘ ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ምዝገባ፣ ማሻሻያና ስረዛ የሚያያይዘው ከገባው የተጠቃሚ ስም ጋር ነው። ባልተቆለፈና ክፍት በቀረ ሴሽን ሌላ ሰው ቫውቸር ቢሰርዝ፣ የአቅራቢ ክፍያ ቢመዘግብ ወይም የደመወዝ መጠን ቢለውጥ፣ በኦዲት መከታተያው ላይ የሚወጣው ወንበሩ ላይ ያልነበረው ሠራተኛ ስም ይሆናል። ያ ሠራተኛ ድርጊቱን አለመፈጸሙን ማስረዳት ይቸግረዋል፤ ኦዲተሩም እውነተኛውን ፈጻሚ ለይቶ ማግኘት ይሳነዋል። በሌላ ሰው ክፍት ሴሽን ገብቶ መሥራትም ቀላል ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል።

መቆለፍና መውጣት የተለያዩ ናቸው

ሠራተኞች በሚገባ ሊለዩት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፦ ማያን መቆለፍ የሠራተኛውን ስም ይጠብቃል፤ ከሶፍትዌሩ መውጣት ደግሞ ስሙንም ይጠብቃል፣ ለሌላው ቦታ ይለቅቃል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ከጠረጴዛው የሚነሣ ሰው ማያውን ቢቆልፍ ይበቃዋል። ለምሳ፣ ለስብሰባ፣ ለባንክ ጉዳይ ወይም ለቀኑ መጨረሻ የሚነሣ ሰው ግን የጀመረውን ሰነድ አስቀምጦ ከሶፍትዌሩ መውጣት ይኖርበታል።

የጊዜ ገደብ አወሳሰን

በርካታ ሶፍትዌሮችና ሰርቨሮች ያለ ሥራ የቆየን ሴሽን በራሳቸው የሚዘጉበት ቅንብር አላቸው። የባንክ ካርድ መረጃን ለመጠበቅ የወጣው ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ከ15 ደቂቃ በላይ ያለ ሥራ የቆየ ተጠቃሚ ማንነቱን እንደገና እንዲያረጋግጥ ያዛል። የኢንተርኔት ሶፍትዌር ደኅንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ የተባለው ድርጅት ደግሞ ከፍተኛ ጥንቃቄ ለሚሹ ሥራዎች ከ2 እስከ 5 ደቂቃ፣ ሥጋታቸው አነስተኛ ለሆኑት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚደርስ ገደብን የተለመደ አድርጎ ያስቀምጣል።

እነዚህ አኃዞች መነሻ እንጂ ለሁሉም እኩል የሚሠሩ አይደሉም። ገደቡ እጅግ ካጠረ ሠራተኛው የወረቀት ሰነድ እያመሳከረ ሳለ ሶፍትዌሩ ይዘጋበታል፤ ያላስቀመጠው ምዝገባም ሊጠፋ ይችላል። እጅግ ከረዘመ ደግሞ መኖሩ ትርጉም ያጣል። ክፍያ ለሚያጸድቁና ፔሮል ለሚያዘጋጁ ተጠቃሚዎች አጠር ያለ፣ ለመዝጋቢዎች ረዘም ያለ ገደብ መወሰን፣ እንዲሁም ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ከሆነ ከመዝጋቱ በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲያሳይ ማድረግ ተገቢ ነው። በሪሞት ዴስክቶፕ ለሚሠሩ ሠራተኞችም የተቋረጠ ሴሽን በሰርቨሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ለብቻው ሊወሰን ይገባል።

ክፍት የቀረን ሴሽን የመዝጋት ቅደም ተከተል

ሴሽንን በኃይል ማቋረጥ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ሶፍትዌሩ መረጃ በመጻፍ ላይ ሳለ ቢቋረጥ ምዝገባው ግማሽ ሊሆን፣ የመረጃ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል። ስለሆነም ኃላፊነቱ የተሰጠው የሲስተም አስተዳዳሪ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንዲጠብቅ ይመከራል።

1. በሥራ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎችን ዝርዝር መመልከት። ሴጅ 50 መረጃውን የሚያስቀምጠው ፐርቫሲቭ በተባለ የመረጃ ቋት ሲሆን፣ የዚሁ መከታተያ መሣሪያ የሆነው «ሞኒተር» የገቡትን ተጠቃሚዎች ያሳያል። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይም በጋራ የተከፈቱ ፋይሎችንና የከፈቷቸውን ተጠቃሚዎች መመልከት ይቻላል።

2. ባለቤቱን ማግኘት። ሠራተኛው በቢሮ ካለ ራሱ አስቀምጦ እንዲወጣ ይጠየቃል፤ ከቢሮ ውጭ ከሆነ ያላስቀመጠው ሥራ ስለመኖሩ በስልክ ይጠየቃል። የይለፍ ቃሉን እንዲናገር ግን ሊጠየቅ አይገባም።

3. ኮምፒዩተሩን መመልከት። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሳለ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሴሽኑ ባለቤት የሌለው ቅሪት መሆኑን ያመለክታል።

4. ሌሎች ተጠቃሚዎችን አስቀድሞ ማስታወቅ። የመረጃ ቋቱን አገልግሎት አጥፍቶ ማስነሣት አስፈላጊ ከሆነ ሁሉም ተጠቃሚዎች ሥራቸውን አስቀምጠው መውጣታቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

5. ሴሽኑን መዝጋትና መረጃውን መፈተሽ። ከተዘጋ በኋላ በዚያ ተጠቃሚ ስም የተመዘገቡት የመጨረሻ ሰነዶች የተሟሉ መሆናቸው ከወረቀት ሰነዱ ጋር ይመሳከራል።

6. በመዝገብ ማስፈር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተጠቃሚው ስም፣ የተዘጋበት ምክንያትና የዘጋው ሰው ይመዘገባሉ። መዝገቡ በአንድ ወር ውስጥ የማን ሴሽን ስንት ጊዜ እንደተረሳ፣ ወይም የትኛው ክፍል ዩፒኤስ እንደሚያስፈልገው ያሳያል።

በአንድ የይለፍ ቃል መሥራት መፍትሔ አይደለም

የተጠቃሚ ቦታ ሲያጥር አንዳንድ ድርጅቶች ለበርካታ ሠራተኞች አንድ የተጠቃሚ ስም ይሰጣሉ። ይህ ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አይፈታውም። ስህተት ሲገኝ ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ይዞ ይሄዳል። የግብር ከፋዩ መዛግብት በምርመራ ወቅት ማስረጃ ሆነው የሚቀርቡ በመሆናቸው የእያንዳንዱ ምዝገባ ባለቤት መታወቁ ለድርጅቱ ራሱ ጥበቃ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የተጠቃሚ ስም ሊኖረው፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ መግቢያም በለቀቀበት ዕለት ሊዘጋ ይገባል። ቦታው በእርግጥ የሚያንስ ከሆነ የሥራ ሰዓትን በፈረቃ ማዳረስ ይቻላል፤ ለምሳሌ መዝጋቢዎች ጠዋት፣ ሪፖርት አውጪዎች ከሰዓት በኋላ እንዲገቡ ማድረግ። ይህም ካልበቃ ፈቃዱን ማስፋት ተገቢ ይሆናል።

በማሳወቂያ ወቅት

የተጨማሪ እሴት ታክስና ከደመወዝ የሚቀነስ ግብር በየወሩ የሚታወቁ ናቸው፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ማሳወቂያ ጊዜ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። በእነዚህ ጊዜያት የሶፍትዌሩ ተጠቃሚዎች ይበዛሉ፤ ስህተት ለማረም ያለው ጊዜም ያጥራል። ድርጅቶች ከማሳወቂያው ቀናት አስቀድመው ሁሉም ተጠቃሚዎች የሚወጡበትን ሰዓት ወስነው የመጠባበቂያ ቅጂ እንዲወስዱ፣ ቅጂውም የሚከፈት መሆኑን እንዲያረጋግጡ ይመከራል።

ማሳወቂያቸውን በኢንተርኔት የሚያቀርቡ ግብር ከፋዮችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በኢንተርኔት ካፌ ወይም በሌላ ሰው ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ ከሆነ የይለፍ ቃላቸው በማሰሻው ላይ እንዲቀመጥ አለመፍቀድ፣ ሲጨርሱም የመውጫውን ቁልፍ ተጭነው የመግቢያው ገጽ ተመልሶ መምጣቱን ማየት ይኖርባቸዋል።

በአጠቃላይ ለዚህ ሥርዓት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የድርጅቱ የሥራ ኃላፊ የጊዜ ገደቡን፣ ሴሽን የመዝጋት ሥልጣን ያለውን ሠራተኛና የሚከተለውን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽሑፍ ወስኖ ለሁሉም ሠራተኞች ቢያሳውቅ፣ የተጠቃሚ ቦታ ይቆጠባል፤ መረጃ ከብልሽት ይጠበቃል፤ ማንም ሠራተኛ ባልሠራው ሥራ ከመጠየቅ ይድናል።