ሳይጠሩት አቤት የማይባልበት ውድድር

የሕግ ትምህርት ስንማር፣ አስገዳጅ ኃይል የሌለው ደንብ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም የሚል አስተሳሰብ ይዘን ነው የወጣነው። ይህን እምነቴን ያናጋብኝ ችሎት ሳይሆን የአንድ ወዳጄ ሬዲዮ ነው። ወዳጄ አሜሪካ የሚኖር፣ ፈቃድ ያለው የሬዲዮ አማተር ነው፤ ማለትም ለጥቅም ሳይሆን ስለሚወደው ብቻ በአጭር ሞገድ ከዓለም ሕዝብ ጋር የሚነጋገር ሰው። አንድ ጊዜ ቤቱ በእንግድነት ሳለሁ ትልቁ ዓመታዊ ውድድር ደረሰና ከጎኑ ተቀምጬ አዳመጥኩ።

ውድድሩ ሲኪው ወርልድ ዋይድ ይባላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የድምፅ ክፍሉ የሚካሄደው በኦክቶበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን የሞርሱ ደግሞ በኖቬምበር ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተጀምሮ ለሰኞ አጥቢያ በዚያው ሰዓት ያበቃል፤ 48 ሰዓት መሆኑ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ጣቢያዎች የጥሪ ምልክታቸውን፣ የድምፃቸውን ጥራት መግለጫና የሚገኙበትን ቀጣና ቁጥር ይለዋወጣሉ። ዓለም በ40 ቀጣናዎች ተከፍላለች፤ ኢትዮጵያ 37ኛው ውስጥ ናት። ከሌላ አህጉር ጋር የተደረገ ግንኙነት 3 ነጥብ ያስገኛል። የነጥቡ ድምር በየሞገዱ በተገኙት አገሮችና ቀጣናዎች ብዛት ይባዛል። በነገራችን ላይ የጥራት መግለጫው ሁሌም «59» ነው፤ «በጣም ጥሩ ይሰማል» ማለት ነው። ድምፁ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ያስደገመውን ሰው ሳይቀር «59 ነህ» ይለዋል። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንንም የማይጎዳ ውሸት ስለሆነ አልተከራከርኩም።

ወደ ሥርዓቱ ልግባ። የመጀመሪያው መርህ ፍሪኩዌንሲ የማንም ርስት አለመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ባዶ የመሰለ ቦታ ላይ ዘው ተብሎ አይገባም። መጀመሪያ ይደመጣል፤ ቀጥሎ «ሰው አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስ ከጠፋ ደግሞ ይጠየቃል። እኔ አንዱን ተነጋጋሪ ባልሰማውም ሌላው ሊሰማው ይችላልና።

ሁለተኛው ተራ መጠበቅ ነው። ብርቅ የሆነ አገር ጣቢያ ብቅ ሲል በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይጠሩታል። ጨዋ ተወዳዳሪ ሙሉ የጥሪ ምልክቱን አንዴ ተናግሮ ጆሮውን ይሰጣል። ኦፕሬተሩ «መጨረሻው ኬ የሆነው ይቀጥል» ካለ፣ ኬ የሌለበት ሁሉ ዝም ማለት አለበት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት ዓይነቱ ሰው የሌላውን ሁሉ ጊዜ ይበላል። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢቲ ከሚጀምሩት የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክቶች አንዱ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ የአምስት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ ክለብ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ አየር ላይ ሲወጣ ማይክሮፎኑን የያዘው ተማሪ የዚያ ሁሉ ሰልፍ ተራ አስከባሪ ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። በ14.300 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ለአስቸኳይ አደጋ ግንኙነት ዓለም አቀፍ መገናኛ እንዲሆን የተመረጠ ቦታ አለ። ሩጫው የቱንም ያህል ቢጦፍ የአደጋ ጥሪ የሰማ ሰው ነጥቡን ትቶ መንገድ ይለቃል። መወዳደር ለማይፈልጉም የ10፣ የ18 እና የ24 ሜጋኸርትዝ ሞገዶች ከውድድር ነፃ ተደርገው ተትተዋል።

የልዩ ዝግጅት ጣቢያዎች ጠባይ ከዚህ ይለያል። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ መንግሥታት ለልዩ አጋጣሚ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ከተለመደው የረዘመ የጥሪ ምልክት እንዲፈቅዱ ያስችላል። የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር «ደብልዩ100ኤደብልዩ» በሚል ምልክት ተሰምቷል። እዚህ ላይ ኦፕሬተሩ አስተናጋጅ ነው፤ ጀማሪውን ይታገሣል፣ ስለ በዓሉ የጠየቀውን ያስረዳል፣ የማረጋገጫ ካርድ ይልካል። ቀኑ ሲያልቅም ምልክቱን ይመልሳል።

ዳኝነቱስ? እኔን የማረከኝ እሱ ነው። ተወዳዳሪዎች መዝገባቸውን ውድድሩ ባበቃ በ5 ቀን ውስጥ ይልካሉ፤ ኮምፒዩተር የአንዱን ከሌላው ጋር ያመሳክራል። እኔ ከአንተ ጋር ተነጋግሬያለሁ ብል በመዝገብህ ውስጥ ከሌለሁ ነጥቡ ይሰረዛል፤ ቅጣትም አለው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አንድ ጣቢያ ሁለተኛ ጊዜ ቢጠራው «መዝግቤሃለሁ» እያለ አይሟገትም፤ እንደገና ያስተናግደዋል። ምናልባት በዚያኛው መዝገብ አልሰፈረ ይሆናል፤ ለተደገመ ግንኙነት ደግሞ ቅጣት የለም። ለከፍተኛ ደረጃ የሚፎካከሩት ድምፅ ቀድተው ኮሚቴው ሲጠይቅ ያቀርባሉ። ውድድሩ ካበቃ በኋላ ግን ቅጂ አዳምጦም ሆነ ሌላ ማስረጃ አይቶ የጥሪ ምልክት ማረም ክልክል ነው።

ወዳጄ ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ሲያገላብጥ አንድ ምልክት ዓይኑን ያዘው። አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ ትክክለኛው የቱ እንደሆነም ገብቶታል። ከነስህተቱ ሊልከው ሲል፣ «እውነቱን እያወቅህ ለምን አታርመውም? ማን ያይሃል?» አልኩት።

«ዛሬ ያወቅኩትን አይደለም የሚጠይቁኝ፤ ትናንት የሰማሁትን ነው» አለና ላከው።

በሥራ ዘመኔ ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ከስብሰባው በኋላ «የተስተካከለ» ቃለ ጉባኤ ስንት ጊዜ በእጄ እንዳለፈ አልቆጠርኩም። የጻፉት ሰዎች ሁሉ ሕግም፣ ፖሊስም፣ ፍርድ ቤትም ነበረባቸው። ወዳጄ ግን ምናልባት ጥቂት ነጥብ ከማጣት በቀር ምንም አልነበረበትም። አስገዳጅ ኃይል የሚለውን ቃል ከዚያን ቀን ወዲህ ስጠቀምበት ትንሽ አመነታለሁ።